የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስፒን ጅረት ወደ ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር ሲገባ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም አንድ ሥራን ይመለከታሉ፤ ስፒንን (ኤሌክትሮን በተፈጥሮው የያዘውን የማግኔትነት ባሕርይ) ከማግኔት አውጥቶ ወደ ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር (ሆዱ ጅረት የማያሳልፍ፣ ገጹ ግን የሚያሳልፍ ቁስ) ገጽ ማስገባትና እዚያ ወደ ተራ የኤሌክትሪክ ጅረት መለወጥ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናል፤ ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ፕላቲነም እያለ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? በየትኛውም ስፐተር ማሽን (አተሞችን ከኢላማ በአዮን እየመታ በሚያነጥፍ) ይነጠፋል፣ አየር ላይ አይበላሽም፣ ስፒንንም ወደ ቻርጅ ይለውጣል። ቢስሙዝ ሴሌናይድ (የታወቀው ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር) በምን ይበልጠዋል? (የፊዚክስ መምህር፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ በፕላቲነም ልወጣው የሚካሄደው በብረቱ ሆድ ውስጥ ነው፤ የገባው ስፒን ጥቂት ናኖሜትር እንደተጓዘ ይጠፋል። የስፒን ሆል አንግሉን (ከስፒን ጅረቱ ስንት እጁ ወደ ቻርጅ ጅረት እንደሚለወጥ የሚገልጸውን ቁጥር) ስፒኑ እስኪጠፋ በሚጓዘው ርቀት ብናባዛ የልወጣው መለኪያ ርዝመት 0.2 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። በቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር ጅረት የሚያሳልፈው ገጹ ነው። በዚያ ገጽ ላይ የእያንዳንዱ ኤሌክትሮን ስፒን ከሚጓዝበት አቅጣጫ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን የተቆለፈ ነው። ስለዚህ ስፒናቸው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ኤሌክትሮኖች ሲገቡ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱት ከሌሎቹ ይበዛሉ፤ በናሙናው ሁለት ጫፎች መካከልም ቮልቴጅ ይፈጠራል። ይህ ኢንቨርስ ኤደልስታይን ኢፌክት ይባላል። የልወጣው ርዝመትም በገጹ ላይ ያለው የኤሌክትሮን ፍጥነት ከግጭት እስከ ግጭት ባለው ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአልፋ ቲን፣ ማለትም ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር በሆነው የቆርቆሮ ዓይነት ላይ በክፍል ሙቀት የታተመው ልኬት 2.1 ናኖሜትር ነው፤ ከፕላቲነም አሥር እጥፍ መሆኑ ነው። ያ ግጭት የሌለበት ጊዜ 4 ፌምቶሰከንድ እንኳ አይሞላም። ጊዜውን ማራዘም ከተቻለ ውጤቱ ገና ሊያድግ ይችላል ማለት ነው፤ የዘርፉ ሰዎች ተስፋም እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ማግኔቱን በላዩ አድርጌ ባትሪ ባገናኝ ስፒኑ አብሮ አይገባም? (ስም አልተጻፈም)

መልስ፦ ይገባል፤ ግን የሚገባው በጣም ጥቂቱ ነው። ብረታማ ማግኔት ዝቅተኛ፣ ከሥሩ ያለው ቁስ ደግሞ ከፍተኛ መቋቋም ሲኖረው የጅረቱን መጠን የሚወስነው መቋቋሙ የበዛው ክፍል ነው። ያ ክፍል ደግሞ ለሁለቱም የስፒን ዓይነቶች እኩል ስለሆነ፣ ማግኔቱ የፈጠረው ልዩነት መገናኛው ላይ ሲደርስ ይሟሽሻል። ይህ የአስተላላፊነት አለመመጣጠን ችግር በሴሚኮንዳክተሮች ዘንድ ከ2000 ጀምሮ በሚገባ የታወቀ ነው። መውጫው ሁለት ነው። አንዱ ከ1 እስከ 2 ናኖሜትር የሚሆን የማግኒዥየም ኦክሳይድ ወይም የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ግርዶሽ አድርጎ ኤሌክትሮኖቹን በተነሊንግ (ግርዶሹን በኳንተም ሰርጎ በማለፍ) ማሳለፍ ነው። ሌላው ስፒን ፓምፒንግ ነው፤ ማግኔቱን በማይክሮዌቭ ሬዞናንስ ላይ ማድረግ፣ የሚሽከረከረው ማግኔትነቱም ያለ ምንም የቻርጅ ፍሰት ስፒንን ወደ ጎረቤቱ እንዲገፋ መተው። ከዚህ በታች የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሁለተኛው መንገድ ለሚሠሩ ናቸው። የተነሊንግ ግርዶሽ ለስፒን ፓምፒንግ እንደማይሆን ግን ልብ ይሏል፤ ኦክሳይዱ በወፈረ ቁጥር የሚሻገረው ስፒን በፍጥነት ይመነምናል።

ጥያቄ፦ 8 ናኖሜትር ቢስሙዝ ሴሌናይድ በሳፋየር ላይ አሳደግሁ። ከዚያ ወደ ሌላ ማሽን ወስጄ 10 ናኖሜትር ፐርማሎይ (የኒኬልና የብረት ማግኔታዊ ቅይጥ) በስፐተር አነጠፍሁበት። የሬዞናንሱ መስመር በጣም ሰፋ፤ ስፒኑ ገብቷል ብዬ ነበር። ቮልቴጁ ግን የለም ማለት ይቻላል። የት ላይ ተበላሸ? (የዶክትሬት ተማሪ፣ ጀርመን)

መልስ፦ የተበላሸው መገናኛው ላይ ነው፤ ያውም ከአንድ ጊዜ በላይ።

አንደኛ፣ ከማሽን ወደ ማሽን ሲሄድ ናሙናው አየር አግኝቷል። የቢስሙዝ ሴሌናይድ ገጽ አየር ሲነካው ኦክሳይድ ይይዛል፣ የፌርሚ ደረጃውም (ኤሌክትሮኖች የሞሉት የኃይል ጣሪያ) ይንሸራተታል። ሁለተኛ፣ ስፐተር የሚያነጥፋቸው አተሞች ጉልበት ይዘው ስለሚመጡ የላይኛውን የሴሌኒየም ንብርብር ያናጉታል። ሦስተኛውና ከባዱ ኬሚስትሪው ነው፤ ኒኬልና ብረት ናሙናው ባይሞቅም ሴሌኒየሙን ከቢስሙዙ ነጥቀው ሴሌናይድ ይፈጥራሉ። ስለዚህ ፐርማሎይዎ ያረፈው በቶፖሎጂካል ገጽ ላይ ሳይሆን ኒኬል፣ ብረት፣ ቢስሙዝና ሴሌኒየም በተደባለቁበት ስሙ በማይታወቅ ንብርብር ላይ ነው። ያ ንብርብር ስፒንን ይውጣል፤ የዋጠውን ግን ወደ ጅረት አይለውጥም። መስመሩ የሰፋውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የመስመር መስፋት ስፒን ከማግኔቱ መውጣቱን ይጠቁማል እንጂ የት እንደደረሰ አይናገርም። ብዙ ጽሑፎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ይህ መሆኑን ለማረጋገጥ ፐርማሎዩን 4፣ 6፣ 8 እና 10 ናኖሜትር አድርገው አራት ናሙና ይሥሩ። የእያንዳንዱን ማግኔትነት በገጽ ስፋት አካፍለው ከውፍረቱ ጋር በግራፍ ያስቀምጡ። ቀጥታው መስመር ዜሮን የሚቆርጠው 0 ናኖሜትር ላይ ካልሆነና 1 ወይም 2 ናኖሜትር ላይ ከሆነ ያን ያህሉ ማግኔት ሞቷል ማለት ነው።

መፍትሔው በመካከል ጸጥተኛ ብረት ማስገባት ነው። በአልፋ ቲኑ ሥራ የብር ንብርብር በማግኔቱ ብረት (አይረን) እና በቲኑ መካከል ገብቷል፤ አይረኑ በቀጥታ ሲያርፍበት የገጹ የዲራክ ኮን (ስፒናቸው የተቆለፈው የገጽ ኤሌክትሮኖች የኃይል ቅርጽ) ይጠፋ ነበር፣ በብሩ ሥር ግን ተርፏል። ለቢስሙዝ አንቲሞኒ ቴሉራይድ መዳብ ተሠርቶበታል። በክፍል ሙቀት ስፒን በመዳብ ውስጥ መቶዎች ናኖሜትር ስለሚጓዝ ከ2 እስከ 8 ናኖሜትር ያለው ንብርብር የሚያስቀረው ስፒን የለም። መዳብ ግን ወደ ቢስሙዝ ሴሌናይድ ንብርብሮች መካከል ሰርጎ የመግባት ባሕርይ አለው፤ ስለዚህ ካነጠፉት በኋላ ናሙናውን አያሙቁ።

ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። ኢንሱሌተሩ በቫኩም ውስጥ እንዳለ ናሙናውን ወደ ክፍል ሙቀት ያቀዝቅዙ። ከዚያ መዳቡን ወይም ብሩን በትነት፣ በሰከንድ ከ0.01 እስከ 0.02 ናኖሜትር ያነጥፉ። ቀጥሎ ከ5 እስከ 10 ናኖሜትር ፐርማሎይ፣ በላዩ ደግሞ 2 ወይም 3 ናኖሜትር አሉሚኒየም፤ አሉሚኒየሙ አየር ሲያገኘው ራሱ ኦክሳይድ ሆኖ ክዳን ይሆናል። ይህ ሁሉ ቫኩሙ ሳይከፈት ነው። የግድ ማሽን መቀየር ካለብዎ ኢንሱሌተሩን በበርካታ ናኖሜትር ሴሌኒየም ሸፍነው ያውጡት፤ ሁለተኛው ማሽን ውስጥ 200 ዲግሪ አካባቢ አሙቀው ሽፋኑን ያትንኑት፣ ግፊቱ ተመልሶ እስኪወርድም ይጠብቁ። ገጹን በአርጎን አዮን ላጽዳ የሚል ሐሳብ ካለዎ ይተዉት፤ አርጎኑ ሴሌኒየሙን ቀድሞ ስለሚያስወጣ ቢስሙዝ የበዛበት ገጽ ይቀርዎታል።

ጥያቄ፦ በ9.4 ጊጋኸርዝ ሬዞናንስ ላይ 3 ማይክሮቮልት አገኘሁ። ኃይሉን ስጨምር ቮልቴጁም በቀጥታ መጠን ይጨምራል። ይህ ስፒን ለመሆኑ በቂ ማስረጃ ነው? (ተመራማሪ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ አይደለም። በማይክሮዌቭ ኃይል ልክ የሚያድገው ስፒን ጅረቱ ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱም፣ በማግኔቱ ውስጥ ወደ ቀጥተኛ ቮልቴጅ የሚስተካከለው የማይክሮዌቭ ጅረትም እንዲሁ ያድጋል። የኃይል ግራፉ ቀጥ ማለቱ የሚያሳየው ናሙናው ገና አለመጥገቡን ነው።

የመጀመሪያው ፈተና የማግኔት መስኩን መገልበጥ ነው። የኢንቨርስ ኤደልስታይን ቮልቴጅ ምልክቱን ይቀይራል፤ በናሙናው ጫፎች የሙቀት ልዩነት የሚመጣው ተራ የዜቤክ ቮልቴጅ ግን አይቀይርም። ሁለቱን ልኬቶች ቀንሰው ለሁለት ያካፍሉ፤ ያልተገለበጠው ይጠፋል። እነዚህ ቁሶች ከጥንት ጀምሮ ለቴርሞኤሌክትሪክ የሚመረጡ መሆናቸውን አይርሱ። ቢስሙዝ ቴሉራይድ በገበያ የሚሸጡት ትናንሽ ማቀዝቀዣዎች ዋና ቁስ ነው፤ ትንሽ የሙቀት ልዩነት ብዙ ማይክሮቮልት ይሰጠዋል።

ሁለተኛው ፈተና ማዕዘኑ ነው። መስኩ በገጹ ላይ ሆኖ ሁለቱን ኤሌክትሮዶች ለሚያገናኘው መስመር ቀጥ ሲል ቮልቴጁ ከፍተኛ፣ ከመስመሩ ጋር ሲስማማ ዜሮ መሆን አለበት። በመካከል ያለው ሳይን ካልተከተለ ሌላ ነገር ተቀላቅሏል።

ሦስተኛው የመስመሩ ቅርጽ ነው። ስፒን ፓምፒንግ የሚሰጠው በሬዞናንሱ ዙሪያ ሁለት ጎኑ እኩል የሆነ ሎሬንዝያን (አንድ ጫፍ ያለው ጉብታ) ነው። አንድ ጎኑ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች የሆነው ክፍል የመጣው ከማይክሮዌቭ ጅረትና ከማግኔቱ የመቋቋም ለውጥ ብዜት ነው፤ እሱን ለይተው ይጣሉት። ችግሩ፣ በማይክሮዌቭ ጅረቱና በመስኩ መካከል ባለው የፌዝ ልዩነት ምክንያት ያ ውጤት እኩል ጎን ያለውን ቅርጽም ሊይዝ መቻሉ ነው። ስለዚህ ናሙናውን የካቪቲው (ማይክሮዌቩ የሚታጎርበት ሣጥን) ኤሌክትሪክ መስክ ዜሮ የሚሆንበት ቦታ ላይ ማስቀመጥ ከማንኛውም የሒሳብ ማጣሪያ ይሻላል።

መስኩ ሲገለበጥ አብሮ የሚገለበጥ የሙቀት ውጤትም አለ፤ በፐርማሎይ ውስጥ የሚፈጠረው አኖማለስ ኔርንስት፣ ማለትም የሙቀት ልዩነት በማግኔት ውስጥ ወደ ጎን የሚፈጥረው ቮልቴጅ። ይህን የሚይዘው አመሳካሪ ናሙና ብቻ ነው። ፐርማሎይ ብቻ በሳፋየር ላይ፣ ፐርማሎይ ከመዳብ ጋር ያለ ኢንሱሌተሩ፣ ኢንሱሌተሩ ብቻ ያለ ማግኔት፤ ሦስቱንም በዚያው ቀን በዚያው ካቪቲ ይለኩ። ከሦስቱ አንዱ 3 ማይክሮቮልት ከሰጠዎ ወረቀቱን መጻፍ አይጀምሩ።

ማግኔቱን ወደ ኢትሪየም አይረን ጋርኔት መቀየርም ይቻላል። ጅረት የማያሳልፍ ማግኔት ስለሆነ ፐርማሎይ የሚያመጣው የጅረት መስተካከል ከሥሩ ይወገዳል። በምትኩ ከሙቀት ልዩነት የሚመጣው የስፒን ዜቤክ ውጤት ይከተላል፤ እሱም ከመስኩ ጋር ይገለበጣል። ሙቀቱን ለመቀነስ ኃይሉን ዝቅ አድርጎ ሎክ ኢን አምፕሊፋየር (በአንድ ፍሪኩዌንሲ ያለን ደካማ ምልክት ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) መጠቀም ነው።

ጥያቄ፦ የገባውን ስፒን መጠንና የልወጣውን ርዝመት ለማግኘት አንድ ሙሉ ስሌት ብታሳዩን? (ሦስት አንባቢዎች)

መልስ፦ ከዳምፒንጉ (የማግኔትነቱ መሽከርከር ምን ያህል በፍጥነት እንደሚከስም ከሚገልጸው ቁጥር) እንጀምር። የመስመሩን ስፋት በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ አይለኩ፤ ከ4 እስከ 18 ጊጋኸርዝ ባሉ በርካታ ነጥቦች ለክተው ከቀጥታው መስመር ቁልቁለት ዳምፒንጉን ያውጡ። ምክንያቱም የናሙናው አለመስተካከል የሚጨምረው ስፋት ከፍሪኩዌንሲ ጋር አይቀየርም፤ በአንድ ነጥብ ብቻ ከለኩ ከዳምፒንጉ ጋር ይቀላቀላል። ለብቻው ያለ ፐርማሎይ ዳምፒንግ 0.007 አካባቢ ነው። በ9.4 ጊጋኸርዝ ይህ በግማሽ ስፋት 2.4 ሚሊቴስላ ይሰጣል፤ ዳምፒንጉ 0.012 ሲሆን 4 ሚሊቴስላ ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ መስኩን የሚፈጥረውን ኤሌክትሮማግኔት የሚመግበው የኃይል ምንጭ የተረጋጋ መሆን አለበት።

የጨመረው ዳምፒንግ 0.005፣ የፐርማሎዩ ውፍረት 10 ናኖሜትር፣ ማግኔትነቱ 800 ሺህ አምፔር በሜትር ይሁን። አራት ፓይ በማግኔትነቱ፣ በውፍረቱና በዳምፒንጉ ጭማሪ ተባዝቶ፣ ለላንዴ ቁጥር (2.1) እና ለቦር ማግኔቶን ብዜት ሲካፈል የስፒን ሚክሲንግ ኮንዳክታንሱ (ስፒን መገናኛውን ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሻገር የሚለካው) 2.6 × 10¹⁹ በካሬ ሜትር ይወጣል። ከዚህና ከማይክሮዌቭ መስኩ ጥንካሬ የስፒን ጅረቱ ይሰላል፤ 10⁵ አምፔር በካሬ ሜትር ሆነ እንበል። የልወጣው ርዝመት 2.1 ናኖሜትር ከሆነ በገጹ ላይ የሚፈሰው በእያንዳንዱ ሜትር ወርድ 0.21 ሚሊአምፔር ነው። ኤሌክትሮዶቹ 2 ሚሊሜትር ተራርቀው፣ የጠቅላላው ድርብርብ የስኩዌር መቋቋም (ርዝመቱና ወርዱ እኩል የሆነ ቁራጭ መቋቋም) 30 ኦኽም ከሆነ ቮልቴጁ 12.6 ማይክሮቮልት ይሆናል።

ያ 30 ኦኽም ከየት መጣ? ከፐርማሎዩ ነው እንጂ ከኢንሱሌተሩ አይደለም። 8 ናኖሜትር ቢስሙዝ ሴሌናይድ ብቻውን ሺህ ኦኽም ያልፋል። ጅረቱ እንደ ውሃ ቀላሉን መንገድ ይመርጣልና በኢንሱሌተሩ ገጽ የተወለደው ጅረት በማግኔቱ በኩል ተዟዙሮ ይመለሳል። 8 ናኖሜትር መዳብ ሲጨምሩ ሁኔታው ይብሳል፤ የመዳቡ ስኩዌር መቋቋም ወደ 10 ኦኽም ገደማ ስለሆነ ቮልቴጁ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ስለዚህ መዳቡ መገናኛውን ሲያድን ምልክቱን ያዳክማል። 2 ናኖሜትር ይበቃ ይሆን? ንብርብሩ ያለ ቀዳዳ ከተሸፈነ ይበቃል፤ ቀጭን መዳብ ግን በደሴት በደሴት ስለሚያድግ በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ሳያዩ አይመኑት። የስኩዌር መቋቋሙንም ሠርተው በጨረሱት ናሙና ላይ በአራት ነጥብ ይለኩት እንጂ ከመጽሐፍ አይውሰዱ፤ የርዝመቱ ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ ኢንሱሌተሩ ምን ያህል ይቅጠን? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ ቢስሙዝ ሴሌናይድ አምስት አምስት የአተም ረድፍ በያዙ ንብርብሮች ይገነባል፤ አንዱ 1 ናኖሜትር ያህል ነው። ከ6 ንብርብር በታች የላይኛውና የታችኛው ገጽ ይነካካሉ፤ በዲራክ ነጥቡ ላይ ክፍተት ይከፈታል፣ የስፒን ቁልፉም ይላላል። ሲወፍር ደግሞ ሆዱ ብዙ ጅረት ያሳልፋል። 8 ንብርብር ለመጀመር ደህና ነው።

ጥያቄ፦ ለዚህ ልወጣ የሚታተሙት የስፒን ሆል አንግል ቁጥሮች (በቻርጅና በስፒን ጅረት መካከል ያለው የልወጣ መጠን) ከ0.01 እስከ 425 ናቸው። ማንን እንመን? (የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ እነዚህ ቁጥሮች አንድ ነገር የሚለኩ ስለማይመስሉን እንደ ዋጋ ዝርዝር አይነበቡ። በ2014 በቢስሙዝ ሴሌናይድና በፐርማሎይ በክፍል ሙቀት ከ2.0 እስከ 3.5 ተለካ። በዚያው ዓመት ክሮሚየም በተጨመረበት ቴሉራይድ ከ140 እስከ 425 ተባለ፤ ያ ግን በ1.9 ኬልቪን ነው። በስፒን ፓምፒንግ በዚያው ቢስሙዝ ሴሌናይድ 0.01 አካባቢም ታትሟል። በ2018 ስፐተር የተደረገው ቢስሙዝ ሴሌናይድ 18.6፣ የቢስሙዝ አንቲሞኒ ውሕድ 52 ተባለ።

ልዩነቱን የሚያብራሩ ሦስት ነገሮች አሉ። አንዱ የመለኪያው ዘዴ ነው። በተለዋጭ ጅረት ሁለተኛ ሃርሞኒክ (በጅረቱ እጥፍ ፍሪኩዌንሲ) የሚወሰደው ልኬት በማግኔታዊ ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተሮች ላይ ከስፒን ቶርክ (ስፒን ማግኔትነቱን ለማዞር ከሚያደርገው ግፊት) ውጭ የሆነ ምልክት እንደሚያነሣ በ2017 ታይቷል፤ ኤሌክትሮኖች ከማግኖኖች (በማግኔት ውስጥ ከሚጓዙ የስፒን ሞገዶች) ጋር በአንድ ወገን አብዝተው ሲጋጩ የሚፈጥሩት ቮልቴጅ ከቶርኩ ጋር ይደመርና ቁጥሩን ያስጋንነዋል። ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ሆዱ ጅረት ማሳለፉን ስለሚቀንስ ገጹ ይገንናል። ለምሳሌ በቢስሙዝ ሴሌናይድና በኮባልት ብረት ቦሮን ድርብርብ በ2015 የተለካው አንግል በክፍል ሙቀት 0.047 ሆኖ ከ50 ኬልቪን በታች ወደ 0.42 ወጥቷል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ነው፦ ጅረቱ በማግኔቱና በኢንሱሌተሩ መካከል እንዴት እንደተከፈለ የተሰጠው ግምት። ከላይ እንዳየነው ማግኔቱ ከ90 በመቶ በላይ ሊወስድ ስለሚችል ግምቱ ትንሽ ሲዛነፍ አንግሉ በብዙ እጥፍ ይቀየራል።

ለመሐንዲስ የሚጠቅመው ቁጥር ሌላ ነው፤ ማግኔቱን ለመገልበጥ በአጠቃላይ ድርብርቡ የሚያስፈልገው ጅረት። በ2017 በቢስሙዝ ሴሌናይድና በፐርማሎይ በክፍል ሙቀት በካሬ ሴንቲሜትር 6 × 10⁵ አምፔር በቅቷል። ከባድ ብረቶች ብዙውን ጊዜ ከ10⁶ በላይ ይጠይቃሉና ማነጻጸሪያው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ሞለኪውላር ቢም ኢፒታክሲ (ቀጫጭን ንብርብሮችን በቫኩም የሚያሳድግ ማሽን) የለንም። ይህን ሥራ መጀመር አይቻልም? (ከአዳማ)

መልስ፦ በጥቅል ክሪስታል (በቀጭን ንብርብር ሳይሆን በድፍን ቁራጭ) ይቻላል፤ በቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር ላይ ስፒን ፓምፒንግ ከታየባቸው የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አንዱ በ2014 የተሠራው በተሰነጠቀ ጥቅል ክሪስታል ነው። መለኪያው በ9.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ተራ የኤሌክትሮን ስፒን ሬዞናንስ መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

ለ10 ግራም ቢስሙዝ ሴሌናይድ 6.38 ግራም ቢስሙዝና 3.62 ግራም ሴሌኒየም ይመዝኑ። ሲሞቅ ሴሌኒየም ስለሚያመልጥና ክፍተቱ ክሪስታሉን አብዝቶ አስተላላፊ ስለሚያደርገው ከ1 እስከ 2 በመቶ ሴሌኒየም ይጨምሩ። በወፍራም ኳርትዝ ቱቦ ውስጥ አድርገው አየሩን መጥጠው ያሽጉ። ቀስ ብለው ወደ 850 ዲግሪ ያውጡት፤ ሴሌኒየም በ685 ዲግሪ ስለሚፈላ ከቢስሙዙ ጋር ሳይዋሐድ በፍጥነት ከሞቀ ግፊቱ ቱቦውን ይሰብረዋል። ስለዚህ 400 ዲግሪ አካባቢ ለብዙ ሰዓት ያቆዩት። አንድ ሙሉ ቀን በ850 ከቆየ በኋላ በሰዓት 2 ወይም 3 ዲግሪ እየቀነሱ እስከ 550 ያውርዱት። ቢስሙዝ ሴሌናይድ በ706 ዲግሪ ስለሚረጋ ወሳኙ በዚያ አካባቢ በዝግታ ማለፉ ነው።

ክሪስታሉ በምላጭ ወይም በማጣበቂያ ፕላስተር ተሰንጥቆ እንደ መስታወት የሚያበራ ገጽ ይሰጣል። ከተሰነጠቀ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ቫኩም ውስጥ ይግባ። ሌላ ንጥረ ነገር ያልተጨመረበት ቢስሙዝ ሴሌናይድ ሆዱ ጅረት ስለሚያሳልፍ ለመጀመሪያ ልምምድ ብቻ ይሁን። ሆዱ ጅረት የማያሳልፍ ክሪስታል ለማግኘት በአተም ብዛት (በግራም ሳይሆን) ቢስሙዝ 1.5፣ አንቲሞኒ 0.5፣ ቴሉሪየም 1.7 እና ሴሌኒየም 1.3 እንዲሆን ይመዝኑ፤ ስፒን ፓምፒንጉ በ2014 ከታየባቸው ቁሶች አንዱ ይኸው ነው። የተሰበረ ክሪስታል አሲድ አይንካው፤ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሴሌናይድ መርዛማ ጋዝ ነው። ናሙናው በሊቶግራፊ የሚቀረጽ ከሆነም አልካላይን ዴቨሎፐር የአሉሚኒየም ክዳኑን ስለሚበላው ክዳኑን በቀጭን ታንታለም ይተኩ፣ ሬዚስቱንም ከ120 ዲግሪ በላይ አይጋግሩ።